የውሻው ንጽሕና የባለቤቱ ግዴታ ነው

ውድ የካኩማ ነዋሪዎችና በጎ ፈቃደኞች፣

እንደሚታወቀው ቤቶቻችን የተጠጋጉ ስለሆኑ የአንዱ ውሻ ሽታ ለሦስትና ለአራት ቤተሰብ ይደርሳል። በዚህም ምክንያት አንዳንዶች «ውሾቹ ከብሎካችን ይወገዱ» ሲሉ፣ ባለቤቶቹ ደግሞ «ለሰው ያልበቃ ውሃ ለውሻ ከየት ይምጣ?» ብለው ይመልሳሉ። እኔ በበኩሌ በሁለቱም አልስማማም። ውሻ ሌሊት ቤት ይጠብቃል፣ ልጆችም ይወዱታል። ንጽሕናው ግን የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ብዙ ውሃም አይጠይቅም።

ጤነኛ ውሻ በወር አንድ ጊዜ መታጠብ ይበቃዋል። በመካከሉ ጸጉሩን በደረቅ ብሩሽ አበጥሩለት፤ አቧራውና የረገፈው ጸጉር ይወጣል፣ መዥገር ካለበትም ይታያችኋል። መዳፉን፣ የአፉን ዙሪያና ከጅራቱ ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። የሚተኛበትን ጆንያ አራግፋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ መኝታው ካልጸዳ ውሻው ቢታጠብም መልሶ ይሸታል።

ለማጠብ ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል። ቦኖ አጠገብ ግን ፈጽሞ አትጠቡት። ለስላሳ ሳሙና ተጠቅማችሁ በደንብ አለቅልቁት። ጆሮው ውስጥ ውሃ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ከዚያም ፀሐይ ያድርቀው። በረኪና፣ ጋዝ ወይም የተባይ መርዝ አትጠቀሙ፤ ቆዳውን ያቆስላሉ፣ ሲልሰውም ይመርዙታል። ሽቶም ቢሆን ሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋውም። ታጥቦም የሚሸት ከሆነ የጆሮ መግል፣ የጥርስ ሕመም፣ ቁስል ወይም እከክ ሊኖርበት ስለሚችል የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይየው። ባሕርዩ የተለወጠና ለሃጩ የሚዝረበረብ ውሻ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል አትቅረቡት።

ነገሩ የአፍንጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያለንበት የቱርካና ምድር ሃይዳቲድ የተባለው በሽታ በዓለም ላይ እጅግ በዝቶ ከተመዘገበባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ፍየል ወይም በግ ሲታረድ በሽታው ያለበትን ጉበት ወይም ሳንባ ጥሬውን የበላ ውሻ፣ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። በዓይን የማይታየው እንቁላልም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል። ውሻውን የዳበሰ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ቢበላ፣ ከዓመታት በኋላ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ሊወጣበት ይችላል። ስለሆነም ለውሻችሁ ጥሬ የሆድ ዕቃ አትስጡት። ዓይነ ምድሩን በአካፋ አንስታችሁ ሽንት ቤት ጨምሩ። ካጠባችሁት ወይም ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ልጆችንም አስታጥቡ። ስለ ትል መድኃኒትም የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቁ።

ጎረቤትንም እናስብ። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ውሻ የላሰውን ዕቃ በሃይማኖታቸው ሥርዓት ሰባት ጊዜ ያጥቡታል። አንድ ጀሪካን ውሃ ለመቅዳት ምን ያህል ወረፋ እንደሚጠበቅ ሁላችንም እናውቃለን። ውሻችሁ የሰው ጀሪካን ሲልስ እያያችሁ ዝም ካላችሁ፣ የጎረቤታችሁን ውሃ እያፈሰሳችሁ ነው።

በጎ ፈቃደኞችም ቤት ለቤት ስትዞሩ ስለ ሽንት ቤቱና ስለ ውሃ ዕቃው እንደምትጠይቁ ሁሉ ስለ ውሻውም ጠይቁ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ በደጃችን በልቶ ለእኛ የሚጮኸውን ውሻ ንጽሕና ለጎረቤት ትዕግሥት አንተወው።