ዓመቱን ሙሉ መሠልጠንና ዓመቱን ሙሉ መወርወር አንድ አይደሉም

ቤዝቦል የሚጫወት ልጅ ያለን ቤተሰቦች “የዓመት ሙሉ ሥልጠና” የሚል ማስታወቂያ ስናይ ደስ ይለናል። አስጠኚ ቀጥረን፣ በዕረፍቱም ወራት ትምህርት አስመዝግበን ነው የለመድነው። ክርን ግን እንደ ሒሳብ ስለተደጋገመ ብቻ አይጎለብትም።

ኳስ በኃይል ሲወረወር ትልቅ ጫና የሚያርፍባት በክርን ውስጠኛ በኩል ያለች አጭር ጅማት ናት። ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል፤ ጅማት ግን ዘገምተኛ ነው። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የዶጀርሱን ቶሚ ጆን ሲጠግኑ ቀዶ ሕክምናው አዲስ ሙከራ ነበር፤ ዛሬ ለሃይስኩል ልጆችም ይሠራል። በ2006 የወጣ ጥናት በዓመት ከ8 ወር በላይ የሚወረውሩ ታዳጊዎች ለክርን ወይም ለትከሻ ቀዶ ሕክምና የመዳረግ ዕድላቸው 5 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል፤ ክንዳቸው ዝሎ እያለ በሚወረውሩት ላይ ደግሞ 36 እጥፍ።

የእህቴ ልጅ 12 ዓመቱ ነው፣ ፒቸር ነው። የግል አሠልጣኙ የሰጠውን ፕሮግራም አየሁት፦ በ52 ሳምንት ውስጥ ውርወራ የሌለበት አንድም ሳምንት የለም። ሜጀር ሊግና ዩኤስኤ ቤዝቦል ያወጡት ፒች ስማርት የተባለው መመሪያ ግን ለዚህ ዕድሜ በቀን ከ85 ፒች አይለፍ ይላል፤ በዓመት ቢያንስ 4 ወር ከፒቺንግ ዕረፍት፣ ከዚያም 2 ወይም 3 ተከታታይ ወር ከትከሻ በላይ ምንም ውርወራ እንዳይኖር።

ታዲያ ልጁ ሶፋ ላይ ይተኛ? በፍጹም። ጨዋታው በጥቅምት ካበቃ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ኳሱ ይቀመጥና ባስኬትቦል ይጫወት፤ ስኳት፣ ፑሽአፕ፣ የጀርባና የሆድ ጡንቻ ይሥራ። የውርወራ ጉልበት የሚነሳው ከእግርና ከዳሌ ነው። በፌብሩዋሪ ከቅርብ ርቀት በቀስታ ጀምሮ ርቀቱንም ብዛቱንም በየሳምንቱ ይጨምር። ጨዋታ ሲጀመር ብዙዎች የጉልበት ሥራውን ይተውታል፤ በሳምንት ሁለት አጭር ቀን ቢቀጥል ያገኘውን አያጣም። (እኛ የሯጮች አገር ልጆች ስለሆንን ረጅም ሩጫ ለሁሉም መድኃኒት ይመስለናል። አንድ ፒች የሰከንዶች ጉዳይ ነው፤ አጭር ፈጣን ሩጫ ይበቃዋል።)

ሌላው ችግር ድምር ነው። ልጁ በሁለት ቡድን ይጫወታል፤ ሁለቱም አሠልጣኞች የየራሳቸውን ፒች ይቆጥራሉ፣ የሚደምር ሰው ግን የለም። ይኼ የኢንጂነር ሥራ እንኳን አይደለም፣ ስልክ ላይ የሚያዝ ማስታወሻ ይበቃል። ለአሠልጣኝ ከመክፈላችሁ በፊትም አንድ ነገር ጠይቁት፦ ልጄ የማይወረውረው በየትኞቹ ወራት ነው? ወራቱን ቆጥሮ ካልነገራችሁ ሌላ ፈልጉ።