ሳያዩት የሚጣል ዕጣ

ዕጣ በተጣለ ጊዜ ደስታው የባለ ዕድሉ ነው፤ የዕጣው እውነተኛነት የሚፈተነው ግን ባልደረሳቸው ሰዎች ዘንድ ነው። የደረሰው ሰው አወጣጡ እንዴት እንደ ነበረ ብዙ አይጠይቅም፤ ያልደረሰው ግን ያለ ቂም ወደ ቤቱ እንዲመለስ የሚያሳምነው ነገር ያስፈልገዋል። በዚህ ወር ለቤተ ሰብ የምናቀርበው ጉዳይ ይኸው ነው፤ ይኸውም ዕጣ በዓይናችን ፊት መጣሉ ቀርቶ በማናየው መሣሪያ ውስጥ ሲጣል፣ ልጆቻችንም ፊቱን ከማያዩት ጓደኛ ጋር ሲጫወቱ፣ መተማመን በምን ይጸናል የሚለው ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ጥያቄ በዕቁብ መልሰውታል። የዕቁብ ዳኛ ምንም ያህል የተከበረ ሰው ቢሆን፣ «እኔን እመኑኝ» ብሎ ዕጣውን ጓዳ ገብቶ አያወጣም። የአባላቱ ስም በእኩል ወረቀት ይጻፋል፤ ወረቀቱ በአንድ ዓይነት ይጠቀለላል፤ ሁሉም እያየ ይደባለቃል፤ በማኅበርተኛው መካከልም ይወጣል። የሚጠራጠር ሰው ቢኖር የቀሩትን ወረቀቶች ፈትቶ ማሳየት ይቻላል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ዳኛውን መጠርጠር አይደለም፤ ስሙን ከሐሜት መጠበቅ ነው እንጂ።

ጥንቃቄው የቀረ እንደ ሆነ ምን እንደሚደርስ ከተማችን አይታዋለች። በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሰንጋ ተራ ስሙ የከብት ገበያን ያስታውሰናል፤ በሰንጋ ገበያ ገዥ በሬውን አይቶና ዳብሶ ነው ዋጋ የሚቈርጠው። ዛሬ በዚያ ሰፈር የባንኮች ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመውበታል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ በሰንጋ ተራና በክራውን የተሠሩ 972 የ40/60 ቤቶች ለተመዝጋቢዎች በዕጣ ተላልፈዋል። በእንዲህ ያለው ዕጣ ስሞቹ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ስለ ሆኑ ሥራው ለኮምፒዩተር ይሰጣል፤ ኮምፒዩተርን ግን እንደ በሬ ዳብሶ ማወቅ አይቻልም።

ከዚያ በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጣ። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው፣ ከልጆቻቸው ጉርስ ቀንሰው ሲቈጥቡ የኖሩ ቤተ ሰቦች በየቤታቸው ስማቸውን ፈለጉ። ነገር ግን ባለሙያዎች በመረመሩት ጊዜ፣ መቈጠብ የሚገባቸውን ያልቈጠቡ ሰዎች ስም በዕጣው ውስጥ መግባቱ ተገለጠ፤ የከተማው አስተዳደርም ዕጣውን ሰረዘው፤ ተጠርጣሪዎችም ተያዙ። ዕጣው እንደ ገና የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ደርሶናል ብለው እልል ያሉ ሰዎች ደስታቸው ወደ ኀዘን ተለወጠ፤ ያልደረሳቸውም የቀድሞዎቹን ዕጣዎች ጭምር ለመጠርጠር በቁ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ጥፋቱ በአወጣጡ ላይ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ወደ ዕቃው የገባው ስም ንጹሕ ካልሆነ፣ ዓይኑ የታሰረ ሕፃን ቢያወጣውም ዕጣው ንጹሕ አይሆንም።

ይህንኑ ነገር በትንሹ በልጆቻችን ጨዋታ እናገኘዋለን። ወጣቶች በስልክና በኮምፒዩተር ተሰብስበው፣ አንዱ ጀግና፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ንጉሥ እየሆነ፣ ታሪኩን በጽሑፍ እየተቀባበሉ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። ጀግናው ወንዙን መሻገሩ ወይም መውደቁ የሚወሰነው ዳይስ በሚባለው ባለ ቁጥር ጠጠር ነው። ተጫዋቾቹ በልዩ ልዩ ከተማ ስለሚኖሩ፣ አንዱ በቤቱ ጠጠሩን ጥሎ «ስድስት ወጣልኝ» ሲል ሌላው ከማመን በቀር ምርጫ የለውም። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ስድስት የወጣለት እንደ ሆነ፣ እውነተኛም ቢሆን ይታማል። ቴሌግራም ያቀረበው ዳይስ ይህን ችግር በከፊል ያቃልላል፤ ቁጥሩን የሚወስነው የላኪው ስልክ ሳይሆን የድርጅቱ ማዕከላዊ ኮምፒዩተር ነውና፣ ላኪው የወደደውን ቁጥር ሊመርጥ አይችልም።

ማንንም ድርጅት ሳያምኑ በሩቅ ሆኖ ዕጣ መጣልም ይቻላል። ማኑኤል ብሉም የተባለው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. የተፋቱ ባልና ሚስት በልዩ ልዩ ከተማ ሆነው፣ መኪናው ለማን እንደሚደርስ በስልክ ዕጣ ቢጣጣሉ እንዴት ሳይታለሉ ሊወስኑ እንደሚችሉ በሒሳብ አሳይቷል። የነገሩ ሥር ለቤት ልጆችም የሚገባ ነው። አንደኛው ልጅ ከ1 እስከ 6 ካሉት አንድ ቁጥር ጽፎ፣ ወረቀቱን አሽጎ ሁለቱም ለሚያምኑት ሰው ያስቀምጣል። ከዚያ ሁለተኛው የራሱን ቁጥር በግልጽ ይናገራል። ወረቀቱ ይከፈትና ሁለቱ ይደመራሉ፤ ድምሩ ከ6 ከበለጠ 6 ይቀነስለታል። 4 እና 5 ቢሆኑ ድምሩ 9 ነው፤ ስለዚህ 3 ወጣ ማለት ነው። የፊተኛው ቁጥሩን መለወጥ አይችልም፤ የኋለኛው የታሸገውን አያውቅም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዳቸውም ብቻቸውን ውጤቱን ሊያዝዙ አይችሉም።

ቤተ ክርስቲያንም ዕጣን ታውቃለች። በይሁዳ ፈንታ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ ነው። በእኅታችን በግብፅ ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቅምት 25 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የሦስት እጩዎች ስም በወረቀት ተጽፎ በመስተዋት ዕቃ ታሽጎ በመንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን አንዱን አወጣ፤ አቡነ ታዋድሮስ ፓትርያርክ ሆኑ። የቀሩት ሁለቱ ወረቀቶችም ለሕዝቡ ታዩ። በእግዚአብሔር ፈቃድ የሚታመኑ አባቶች የቀሩትን ወረቀቶች ማሳየት እምነት ማጕደል አልመሰላቸውም። በጸሎት የተጣለውም ዕጣ በግልጽ ተጣለ።

ገንዘብ ተይዞበት የሚጣለው ጠጠር ግን ቁማር ነው፤ አጣጣሉ የቀና ስለ ሆነ ቁማርነቱ አይቀርም። በመስቀሉ ሥር በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ የተጣጣሉትም ወታደሮች ሥርዓት ጠብቀው ይሆናል፤ ሥራቸው ግን ክፉ ነበር። ወላጆች ልጃቸው በጨዋታው ገንዘብ እንዳያስይዝ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ይህ ከሌለበት ጨዋታውን ለምክር ይጠቀሙበት።

ምክሩም አጭር ነው። ደንቡ ጠጠሩ ሳይጣል ይነገር፤ ከተጣለ በኋላ አይለወጥ። ማን ማን በዕጣው እንደ ገባ ሁሉ ይወቅ። የሚጥለው ሰው ብቻውን አይጣል። የተሸነፈው «አሳዩኝ» ቢል አይቈጡት፤ ይልቁንም ሳይጠይቅ ያሳዩት። በጨዋታ ስድስት ሳይወጣለት ስድስት ወጣልኝ ማለትን ያልለመደ ልጅ፣ ነገ የሺህ ቤተ ሰብ ስም በእጁ ሲገባ ያልቈጠበውን ለመጨመር እጁ አይደፍርም። የሰው ተስፋ በአደራ ተሰጥቶታልና፣ ለማያየው ሰው እንደሚያየው ሆኖ መታመንን ከአሁኑ ይማር።