6 ደካማ ፎርካ ወይስ 2 ጠንካራ?

ዛሬ አስተያየቴን የምሰጠው ስለ ጓሮ አትክልት ክበባችን ነው። ቆስጣና ሰላጣ ሸጠን ካገኘነው ብር ላይ ለመቆፈሪያ ፎርካ መግዣ ተመድቧል። አባላቱ ግን ለሁለት ተከፍለናል። ገሚሱ "ርካሹን 6 እንግዛ" ሲል ገሚሱ "በዚያው ብር ጠንካራውን 2 እንግዛ" ይላል። እኔ ከ2ቱ ጋር ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ ዶማ እያለን ፎርካ ለምን? የአትክልት ቦታችን ትልቁ ጠላት ሰርዶ ነው። "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" አለች አህያ ይባላል። እኛ ግን አህያዋ ሳትሞትም እንዲጠፋ እንፈልጋለን! ሰርዶ በዶማ ሲመታ ሥሩ ይቆራረጣል፣ ቁራጩ ደግሞ እንደገና ይበቅላል። ፎርካ ግን አፈሩን ፈልቅቆ ሥሩን ከነርዝመቱ ያወጣዋል። ድንችና ካሮት ሲወጣም እንደ አካፋ ቶሎ አይቆርጥም። ኮምፖስት ለማገላበጥም ይሆናል።

ሁለተኛ፣ "ፎርካ ያው ፎርካ ነው" የምትሉ አላችሁ። አይደለም እኮ! ርካሹ ጥርሱ ከስስ ላሜራ የተቆረጠ ነው። ደረቅ አፈር ወይም ድንጋይ ሲያገኘው ይጣመማል። ቢያቃኑትም እዚያው ቦታ ላይ ይታጠፍና በመጨረሻ ይሰበራል። ባለፈው ዓመት ከተገዙት 4 ርካሽ ፎርካዎች ዛሬ ጥርሱ ሙሉ የሆነ አንድም የለም። መጋዘን ገብታችሁ እዩ።

ስለዚህ የሚገዛው ሰው እነዚህን ይይ፦

1. ጥርሱ ወፍራምና ተቀጥቅጦ የተሠራ ይሁን። ብረት ቀጥቃጮች ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚሠሩት በጣም ጠንካራ ነው።
2. እጀታው የሚገባበት ቀለበት ረጅም ይሁን፣ በሚስማርም በደንብ ይያዝ። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው።
3. እጀታው ወይራ ወይም በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሁን። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይቀጥንና ይወላልቃል። ጉጥ ያለበትም አይሁን።

አጠቃቀሙም ዕውቀት ይፈልጋል። ፎርካውን ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ በጫማ ተጭኖ ማስገባት፣ ከዚያ እጀታውን ቀስ አድርጎ ወደ ራስ መሳብ ነው። በነጠላ ጫማ አይሞከርም። ድንጋይ አይፈነቀልበትም፣ ለዚያ ዲጂኖ አለ። ጥቁር አፈር ዝናብ እንደጣለ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ጠፈፍ ሲል መቆፈር ጥሩ ነው። ሥራ ሲያልቅ ጥርሱን ወደ ላይ አድርጎ ማስቀመጥ ክልክል ይሁን፤ የወጋው ሰው ቲታነስ ሊይዘው ይችላል። ጭቃውን ጠርጎ ትንሽ ዘይት መቀባት ደግሞ ከዝገት ያድነዋል።

ሌላም አለ። "ሴቶች ውሃ ቅዱ፣ ወንዶች ይቆፍሩ" የሚባለው ነገር ይቅር። ፎርካ የሚሠራው በጡንቻ ብቻ አይደለም፤ በሰውነት ክብደትና በእጀታው ርዝመት ነው። ስለ መፈንቅል ተምረን የለ እንዴ? ጥሩ ፎርካ ከተገዛ እኛ ሴቶችም በተራ እንቆፍራለን።

"6 ቢሆን 6 ሰው በአንዴ ይሠራል" የሚለው ሐሳብ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው ሲቆፍር ከኋላው ሰርዶውን የሚለቅም፣ ጓሉን የሚያደቅ፣ ኮምፖስት የሚያመጣ ያስፈልጋል። ስለዚህ በ2 ፎርካ 8 ልጅ ሥራ አይፈታም። የተሰበረ 6 ፎርካ ግን ለማንም አይሆንም።

ከአትክልቱ ሽያጭ የሚተርፈው ብር ደብተርና እስክሪብቶ ለሌላቸው ተማሪዎች እንደሚውል ሁላችንም እናውቃለን። በየዓመቱ ፎርካ የምንገዛ ከሆነ የምናወጣው ከእነሱ ደብተር ላይ ነው። የክበቡ ተጠሪዎች ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አስተያየታችሁን ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበቡ ሳጥን ክተቱልን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!

ከ7ኛ ክፍል ተማሪ