ሰንሰለቱን ከመሐል የበጠስን እኛ ነን



በዚህ የቤተሰብ ማዕዘን ስለ ንባብ ጥቅም ብዙ ጊዜ ጽፈናል፤ ስለ አንባቢ ኃላፊነት ግን የጻፍነው ጥቂት ነው። ዛሬ ይህን ጉድለት ለመሙላት የምንነሣው ሌላውን በመውቀስ ሳይሆን በግለ ሂስ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በሦስት ተከታታይ ክፍል ስለተጻፈ አንድ ልብ ወለድ ከእናንተ የደረሱንን አስተያየቶች አጠናቅረን ማውጣታችን ይታወሳል። በጽሑፉ መደምደሚያ ላይ «ሁለቱን ያነበበ ሰው ሦስተኛውን ባያነብ የሚቀርበት ነገር የለም» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ጣል አድርገን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ይህችን ዐረፍተ ነገር ስንጽፍ ሦስተኛውን መጽሐፍ አላነበብነውም። ከሁለት ባልደረቦቻችን የሰማነውን ይዘን እንዳነበበ ሰው ፈረድን። የመጽሐፉን ስም ዛሬ የማንጠቅሰው፣ የተበደለውን መጽሐፍ ደግመን በወሬ እንዳንበድለው ብለን ነው።

አንዲት ዐረፍተ ነገር ምን ያህል ርቃ እንደምትሄድ ያስተማረን ባለፈው ሳምንት ከሐርጌሳ ከተማ፣ ከኮድቡር ክፍል የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ የአንድ የጦር ሰፈራችን ሃምሳ አለቃ ባለቤት ስትሆን፣ ከእኅቷ ጋር በልብስ ስፌት ሥራ ተሰማርታ በዚያው ትኖራለች። ባልና ሚስቱ አንድ ልማድ አላቸው። ሃምሳ አለቃው አንድ መጽሐፍ አንብቦ ሲጨርስ በቶጎ ውጫሌ በኩል በሚያልፍ መኪና ይልክላታል። እርሷም እያነበበች፣ የተሰማትን በየገጹ ኅዳግ በእርሳስ እየጻፈች ትመልስለታለች። እርሱም ከሥሩ መልሱን ይጽፋል። «ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጃችን ትምህርት በስልክ እንነጋገራለን» ትላለች በደብዳቤዋ፣ «በአፍ ለመናገር የሚከብደንን ግን የምንነጋገረው በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ ነው።»

በሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ባለታሪኩ ሚስቱን ሳይሰናበት ሌሊት ተነሥቶ ወደ ግዳጅ ይሄዳል። እርሷም በመጨረሻው ገጽ ኅዳግ ላይ «ሳይሰናበታት የሄደው ስለማይወዳት ነው? ወይስ እንባዋን ማየት ፈርቶ?» ብላ ጽፋ ላከችለት። መልሱ ከሦስተኛው መጽሐፍ ጋር ይመጣል ብላ አምስት ሳምንት ጠበቀች። መጽሐፉም መልሱም አልመጣም። ለካስ ሃምሳ አለቃው የእኛን ዓምድ አንብቦ፣ «አያስፈልግም ከተባለ ምን አደከመኝ» በማለት ለመጽሐፉ የያዘውን ገንዘብ ለልጁ ጫማ አውሎታል። እርሷ ግን ይህን አላወቀችም። «የኔ ጽሑፍ የሰለቸው መስሎኝ ነበር» ትላለች። ይህን ቃል ስናነብ ማፈራችንን አንሸሽግም።

ደብዳቤዋ በወቀሳ ብቻ አላበቃም። የቤት አከራያቸው በሶማሊኛ አክብረው «ኤዶ» የሚሏቸው አሮጊት ናቸው። እኒህ እናት ማታ ማታ አሮጌ ካሴት ያዳምጣሉ። አንድ ምሽት እኅቷ ከመሐል የተሰማ አንድ ግጥም አስተርጉማ ከሰማች በኋላ «ይህ ሰው ቁጣው በዛ» ብላ አስተያየት ሰጠች። አሮጊቷም ካሴቱን አቁመው፣ «መጀመሪያውን ሳትሰሚ ቁጣውን በምን ለካሽው?» ሲሉ ጠየቋት። ጸሐፊያችን ይህንኑ ጥያቄ ሳትጨምር ሳትቀንስ ለእኛ አስተላልፋልናለች።

ኤዶ የሚያዳምጡት «ዴሌይ» የተባለውን ተከታታይ ግጥም ነው። የሶማሌ ሕዝብ አንዱ ገጣሚ የጀመረውን ሌላው ተቀብሎ፣ ደግፎም ሆነ ተቃውሞ የሚቀጥልበት የቆየ ልማድ አለው። ልማዱ «ሲልሲላድ» ይባላል፤ ቃሉም «ሰንሰለት» ከሚለው የእኛ ቃል ጋር ዘመድ ነው። ግጥሙ የሚታወቀው ስንኝ ሁሉ በአንድ ፊደል በሚጀምሩ ቃላት በመያያዙ ነው። «ዴሌይ» የተባለው በ«ደ» ፊደል ስለሚያያዝ ሲሆን፣ ከእርሱ የቀደመው «ሲንሌይ» ደግሞ በ«ሰ» ይያያዛል። ዴሌይ እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ1980 ዓመታት የተካሄደ ነው። የጀመረው ሞሐመድ ሐሺ ዳማዕ «ጋሪዬ» ሲሆን፣ ጎሠኝነትን አወገዘ፤ ሞሐመድ ኢብራሂም ዋርሳሜ «ሐድራዊ»ም ተቀበለው። ከዚያም በርካታ ገጣሚዎች እየተከታተሉ ገቡበት። ሐድራዊ ቀደም ሲል በግጥሙ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1978 ታስሮ የወጣ ሰው ነበርና፣ እንዲህ ባለው ሙግት መግባት ምን እንደሚያስከፍል አሳምሮ ያውቅ ነበር። የመንግሥት ራዲዮ የማያስተላልፈውን ይህን ግጥም ሕዝቡ በካሴት እየቀዳ ከእጅ ወደ እጅ አቀባበለው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አድማጭና ገጣሚ የተለያዩ ሰዎች እንዳልነበሩ ልብ ይሏል። አስተያየት ያለው ሰው አስተያየቱን ራሱ ግጥም አድርጎ ያመጣል። ያን ለማድረግ ደግሞ ከእርሱ በፊት የተባለውን ማወቅ፣ ፊደሉንም መጠበቅ አለበት። ከመሐል የገባ ሰው ወዲያው ይታወቃል። በእርግጥ ሰንሰለት ሁሉ በጎ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ዓሊ ዱሕ የጀመረው «ጉባ» የተባለው ተከታታይ ግጥም የጎሣ ቂም ማቀጣጠሉ ይነገራል። ቃል ሲቀጣጠል ልክ እንደ ጥይት ተመልሶ እንደማይሰበሰብ ለወታደር መንገር አያሻም።

ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1988 በቦምብ የፈረሰች ከተማ ናት። ያም ሆኖ ካሴቶቹ ፈጽመው አልጠፉም፤ ዛሬ በከተማይቱ የባህል ማዕከል ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ካሴቶች ተጠብቀው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮም የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ይካሄድባታል። ኮድቡር የተባለው ክፍል በአንድ ታጋይ ስም ሲጠራ፣ ሌላው የከተማይቱ ክፍል ሞሐመድ ሞጌ በተባለው ዘፋኝ ስም ይጠራል። ተዋጊንና ባለ ቃልን በአንድ ደረጃ ከምታከብር ከተማ ትምህርት ብንቀበል አያሳፍረንም።

ወደ እኛ ቤት እንመለስ። በአገራችን ተከታታይ የሚባሉት መጻሕፍት አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ አንባቢ ሊለይ ይገባል። ከበደ ሚካኤል በ1930ዎቹ ዓ.ም. ማሳተም የጀመሩት «ታሪክና ምሳሌ» በተከታታይ መጻሕፍት የቀረበ ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ምሳሌ ራሱን ችሎ የቆመ ነው። ከየትኛውም ቢጀመር አንባቢው አይጎዳም፤ አባት ለልጁ ከመሐል ገልጦ ቢያነብለትም ትምህርቱ ሙሉ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» እና የተከተለው «ራማቶሓራ» ግን እንደዚያ አይደሉም። የሁለተኛው ምሥጢር በመጀመሪያው ውስጥ የተቋጠረ ነውና፣ ሁለተኛውን ብቻ አንብቦ «አልገባኝም» ያለ ሰው የሚወቅሰው ራሱን ነው። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ አንባቢ በገዛ ፈቃዱ የሚቀጥለው ሰንሰለት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም.፣ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን ደግሞ በ1974 ዓ.ም. አሳትመዋል። ሁለተኛውን ያነበበ ብዙ ሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ሲፈልግ ቆይቶ ስላጣቸው መጽሐፉን ይወቅሳል። ያልተጻፈለትን ተከታይ ፈልጎ የተጻፈለትን መጽሐፍ ሳያየው ይቀራል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በ«ከመጻሕፍት ዓለም» የራዲዮ ዝግጅት በተረከው ጊዜ፣ አንድ መጽሐፍ ብቻ ሆኖ ሳለ ለአድማጭ ተከታታይ ሆኖለት ነበር። አንድ ዝግጅት ያመለጠው ሰው የሚቀጥለውን ከመስማቱ በፊት «ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር እንጂ፣ ባልሰማው ላይ አይፈርድም ነበር። ይህ መልካም ልማድ ነው።

የአንባቢ አስተያየት ኃይል እንዳለውም የውጭውን ዓለም ታሪክ እናንሣ። ብሪታንያዊው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል የሸርሎክ ሆልምስን ተከታታይ ታሪኮች መጻፍ ሰልችቶት እ.ኤ.አ. በ1893 ባለታሪኩን ገደለው። አንባብያን እጅግ ተቆጡ፤ ደራሲውም ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1903 ባለታሪኩን ከሞት አስነሥቶ መመለስ ግድ ሆነበት። እነዚያ አንባብያን ቃላቸው የተሰማው ስለጮኹ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምረው የተከታተሉ ስለነበሩ ነው።

በጦር አካዳሚ ሳለን ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ የቃኚ ሪፖርት አቀራረብ ነው። ቃኚው ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ሰማሁ»፣ የገመተውን «ገመትሁ» ብሎ ለይቶ ማቅረብ አለበት። ያልወጣበትን ኮረብታ «ባዶ ነው» ብሎ የሚያስተላልፍ ቃኚ ጓዶቹን ያስፈጃል። እኛ ያልወጣንበትን ኮረብታ «ባዶ ነው» አልን። ደም አልፈሰሰም፤ ነገር ግን አንዲት ሴት አምስት ሳምንት ሙሉ የባሏን ልብ ተጠራጠረች። ሲቪል ሆነ ወታደር፣ ይህን ቀላል ጉዳት ነው የሚል ሰው ቤቱን ትቶ የኖረ አይደለም።

ስለዚህም ወደፊት በተከታታይ መጻሕፍት ላይ አስተያየት የምትልኩልን ሁሉ፣ እኛም ጭምር፣ የሚከተለውን እንድንጠብቅ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ከክፍሎቹ የትኛውን እንዳነበባችሁና የትኛውን እንዳላነበባችሁ በደብዳቤያችሁ መጀመሪያ ላይ ግለጹ። አለማንበብ ነውር አይደለም፤ መሸሸጉ ግን ነውር ነው።

ሁለተኛ፣ ተከታዩን ክፍል ከመጀመሪያው ጋር ስታወዳድሩ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሰጥቷል ወይ ብላችሁ መዝኑት እንጂ፣ የመጀመሪያውን ደስታ ደግሞ አልሰጠኝም ብላችሁ አትጣሉት።

ሦስተኛ፣ መጨረሻውን ገና ላልደረሰበት ሰው አታፍስሱበት። በቤት ውስጥ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ በሚያነብበት ጊዜ ቀዳሚው ዝም ማለትን ይልመድ።

አራተኛ፣ «አይነበብ» ከማለታችሁ በፊት ያንን መጽሐፍ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ አስቡ። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዳኛ ብቻ አይደለም።

አሁን ሦስተኛውን መጽሐፍ አንብበናል። ከመሐሉ ጥቂት ምዕራፎች ይጎተታሉ፤ ይህን አሁንም እንላለን፤ ያልነውም አንብበን ነው። ነገር ግን በሁለተኛው መጨረሻ ላይ የተነሣው ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ «የሚቀርበት ነገር የለም» ያልነው ቃል ስሕተት ነበር፤ አንሥተነዋል። መልሱ ምን እንደሆነ ግን በሦስተኛው ደንባችን መሠረት አንናገርም።

የገዛነውን መጽሐፍ ወደ ኮድቡር ከመላካችን በፊት ለሃምሳ አለቃው ሰጠነው። ከአራት ቀን በኋላ መልሶ አመጣው፤ እኛም በቶጎ ውጫሌ መኪና ላክነው። ስናሽገው በመጀመሪያው ገጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ረዘም ያለ ነገር መኖሩን አይተናል። ለእኛ የተጻፈ ስላልነበረ አላነበብነውም፤ ስላላነበብነውም በእርሱ ላይ የምንሰጠው አስተያየት የለም።

እስከ ሳምንት ደኅና ሰንብቱ።