ያረጀ ዛፍም ጧሪ ይሻል

በአዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች፣ በጉለሌም ሆነ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ በቦሌ፣ በየግቢው ውስጥ ከቤቱ እኩል ያረጁ፣ አንዳንዶቹም ቤቱን በዕድሜ የሚበልጡ ዛፎች ይገኛሉ። የተከሏቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ዛፉ ግን ልጆቻቸውን በጥላው አሳድጎ የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት በቅቷል። ይሁን እንጂ ይህ ባለውለታ ሲያረጅ የሚደርስበት ዕጣ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይም እስኪወድቅ ድረስ ዞር ብሎ የሚያየው ያጣል፤ ወይም አንድ ቀን ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን ስለ ነካ ብቻ ከነግንዱ ተቆርጦ ለፍልጥ ይሸጣል። እኛ ግን ሦስተኛ መንገድ አለ እንላለን፤ እርሱም መጦር ነው።

ለዚህች ከተማ ዛፍ ጌጥ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ/ም ከተቆረቆረች በኋላ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሲባል በዙሪያዋ የነበረው ደን እየተመነጠረ ስላለቀ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደ ነበር በታሪክ ይታወቃል። ከተማይቱ በስፍራዋ እንድትጸና ከረዷት ነገሮች አንዱ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ማለቂያ ገደማ ወደ አገራችን የገባው የአውስትራልያው ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት የሠራ ሁሉ እንደ ፍላጎቱ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዋንዛ፣ ከውጭ የመጡትንም ጃካራንዳና ግራቪሊያ በደጃፉ ተክሏል። ዛሬ የምንቀመጥበት ጥላ የእነዚያ ሰዎች ድካም ፍሬ ነው።

መትከልን በሚመለከት የዛሬው ትውልድ የሚወቀስ አይደለም። የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ/ም ሲጀመር ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ዛሬ የተተከለ የዝግባ ችግኝ ሰፊ ጥላ የሚሰጠው ተካዩ ካረጀ በኋላ ነው። እንግዲህ በአንድ እጃችን ችግኝ እየተከልን በሌላው እጃችን የስድሳ ዓመቱን ዝግባ የምንጥል ከሆነ፣ በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው መሆናችን ነው።

ያረጀ ዛፍ ጠላቱ ምስጥና ነፋስ ብቻ ይመስለናል። ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ግን እኛ በእግሩ ሥር የምንሠራው ሥራ ነው። ብዙ ሰው የዛፍ ሥር ቁልቁል ወደ ጥልቅ የሚወርድ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ውሃና ምግብ የሚስቡት ሥሮች አብዛኞቹ ከመሬቱ ገጽ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ባለው አፈር ውስጥ ተዘርግተው ከቅርንጫፎቹ ጥላ ውጭ ርቀው የሚሄዱ መሆናቸው ነው። ሥርም እንደ ሰው አየር ይሻል። ስለዚህ ጭቃ እንሽሽ ብለን ግቢውን እስከ ግንዱ ድረስ በሲሚንቶ ስንለስነው፣ ሰርቪስ ቤት ለመሥራት የቆፈርነውን አፈር በግንዱ ዙሪያ ስንቆልለው፣ ለውሃ መሥመር ብለን በአንድ ወገን ያለውን ሥር በዶማ ስንበጥሰው፣ ዛፉን ቀስ በቀስ እናንቀዋለን። ክፋቱ ደግሞ ዛፉ ወዲያው አይሞትም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጫፉ መድረቅ ሲጀምር «አረጀ» እንላለን እንጂ «ያን ጊዜ ሥሩን ቆርጠነዋል» አንልም።

መድኃኒቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በግንዱ ዙሪያ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያህል መሬት ሳይለሰን ይተው። የወደቀው ቅጠል ተጠርጎ ከሚቃጠል ግንዱን ሳይነካ በጥላው ሥር ይልበስ፤ እርጥበት ይጠብቃል፤ ሲበሰብስም ማዳበሪያ ይሆናል። በበጋ ዝናብ ሲጠፋ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ በጥላው ጠርዝ፣ አፈሩ እስኪጠግብ ውሃ ይጠጣ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ሳሙና ያልነካው የአትክልት እጣቢ ያገለግላል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ግን በሥሩ አይደፋ። ለልብስ ማስጫ የታሰረውም ሽቦ ግንዱን አንቆ ልጡ ውስጥ ሳይቀበር ይፈታ።

ሁለተኛው በደል በመጋዝና በመጥረቢያ የሚፈጸመው ነው። ክረምት ሲቃረብ ባለቤቱ ይፈራና ቆራጭ ይጠራል። ቆራጩ ዋጋውን ከሚያገኘው እንጨት ጋር የሚያስብ ከሆነ ብዙ በቆረጠ ቁጥር ይጠቀማል፤ ስለዚህ የዛፉን አናት ቀንጥሶ ግንዱን እንደ ምሰሶ አቁሞት ይሄዳል። ባለቤቱም ዛፉ ስላጠረ አደጋው የቀረ መስሎት ይተኛል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ቅጠሉን ያጣ ዛፍ ምግቡን የሚያዘጋጅበት ስለሌለው ይራባል፤ በሰፊው ቁስልም ብስባሴ ይገባል። በዙሪያው ተሽቀዳድሞ የሚወጣው ቡቃያ ከግንዱ ጋር በደንብ የተያያዘ ስላልሆነ፣ ወፍሮ ሲከብድ በነፋስ ይገነጠላል። አደጋውን አስወገድን ስንል ለሌላ ቀን ቀጠርነው ማለት ነው።

ትክክለኛው አቆራረጥ የደረቀውን፣ የተሰነጠቀውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ለይቶ ማንሣት ነው። ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ እንደ አንገትጌ ያበጠ ክብ አለ፤ መጋዙ የሚያርፈው ከዚህ አንገትጌ ወጣ ብሎ፣ ግን በጣም ተጠግቶ ነው። አንገትጌውን ከግንዱ ጋር ልጦ ማስተካከልም፣ ረጅም ጉቶ ማስቀረትም ቁስሉ እንዳይገጥም ያደርጋል። ቅርንጫፉ ከባድ ሲሆን ልጡን ገሽልጦ እንዳይወርድ፣ መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከታች ጥቂት መጋዝ፣ ቀጥሎ ከላይ ቆርጦ ሸክሙን ማውረድ፣ በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ ማጥራት ይገባል። ቁስሉን ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባት ይጠቅማል የሚባለው ልማድ ፈውስ የለውም፤ ዛፍ ቁስሉን የሚዘጋው ራሱ ነው። ካረጀ ዛፍ ላይ በአንድ ዓመት ከቅጠሉ ሩቡን ማንሣት እንኳ ይበዛበታል።

እንግዲህ ዛፍ ይከበር ስንል የሰው ሕይወት ይናቅ ማለታችን አይደለም። በግንቦት ወር፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ እያንዳንዱ ባለ ግቢ ዛፉን ዞሮ ይመልከት። በግንዱ ሥር እንጉዳይ መሰል ነገር ከበቀለ፣ ግንዱ ቁልቁል ከተሰነጠቀ፣ ቀጥ ብሎ የነበረው ካዘመመና በአንድ ወገን አፈሩ ከተነሣ፣ ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ሲለሰልስ ሥሩ የሚጨብጠው ያጣልና፣ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ቅርንጫፉ የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ ከሆነ ግን ዘበኛውን ወይም የቀን ሠራተኛውን መሰላል ላይ ማውጣት በሰው ነፍስ መጫወት ነው፤ የሚጠሩት የመብራት ኃይል ሠራተኞች ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነ ዛፍ ሁሉ የሞተ አይደለም። የዛፍ ሕይወት ያለው ከልጡ ሥር ባለው ስስ ክፍል ነውና ወፍራም ግድግዳ የቀረለት ሽማግሌ ወይራ ገና ብዙ ዓመት ሊቆም ይችላል። ፍርዱን የሚሰጠው የሚያውቅ ሰው ይሁን እንጂ የፍልጥ ነጋዴ አይሁን።

እዚህ ላይ ዛፍን ከዛፍ መለየት ግድ ነው። ባሕር ዛፍ ከ40 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ሲቆርጡትም ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ነው። ብዙ ጊዜ ከተቆረጠና ከበሰበሰ ጉቶ ላይ የበቀለ ረጅም ባሕር ዛፍ በመኝታ ቤት ጣሪያ ላይ ካዘመመ፣ እርሱን በጊዜ ማንሣት ጭካኔ አይባልም፤ ቢቆረጥም ምትኩ ቶሎ ይደርሳል። ዝግባና ወይራ ግን በዝግታ የሚያድጉ ናቸውና እነዚህን መጣል የመጨረሻው ውሳኔ መሆን አለበት።

«ለዛፍ የሚወጣ ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሁለት ደረቅ ቅርንጫፍ ማስወረጃው የአንድ ክፍል ቆርቆሮ ከመለወጥ ይቀላል፤ የተሰበረ አጥር ከጎረቤት ጋር ከሚያመጣው ጠብም ይቀላል። ዛፉ በወሰን ላይ የቆመ ከሆነ ሁለቱ ጎረቤታሞች ቡና ላይ ተቀምጠው ወጪውን ቢካፈሉ፣ ጥላውን እንደሚካፈሉት ሁሉ፣ ነገሩ በሰላም ያልቃል። ውርስ የሚካፈሉ ወንድማማቾችና እኅትማማቾችም መሬቱን በሜትር ሲለኩ ዛፉ የማን ድርሻ እንደሚሆን አብረው ቢነጋገሩበት፣ የአባታቸው እጅ ሥራ በአንድ ቀን ባልጠፋ ነበር። ከተማው አስተዳደርም ለችግኝ የሚያወጣውን ያህል ባይሆን እንኳ፣ በየወረዳው ዛፍ መቁረጥን በሙያ የሚያውቁ ወጣቶችን ቢያሠለጥን ለነርሱ እንጀራ፣ ለነዋሪው ደኅንነት ይሆናል።

በመጨረሻ፣ የቱንም ያህል ቢጦር ዛፍ መሞቱ አይቀርም። ስለዚህ አሮጌው ገና ቆሞ ሳለ፣ ከቤቱና ከሽቦው ራቅ ባለ ስፍራ ወራሹን አሁኑኑ መትከል ይገባል። ሽማግሌው እስኪወድቅ የሚጠብቅ ሰው ግቢው ባዶ ከሆነ በኋላ ቢጸጸት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንበታል። አባቶቻችን የማይቀመጡበትን ጥላ ተክለውልን አልፈዋል፤ የተቀመጥንበትን መጦር ለእኛ የቀረ ዕዳ ነው።