መኪና መከራየት ወይስ የራስ ማድረግ? የአካል ጉዳተኛ አሽከርካሪዎች ምርጫና የብሪታንያ ተሞክሮ

የአካል ጉዳተኞችን እኩል ተሳትፎ ለማረጋገጥ ከሚያስፈልጉት መሠረታዊ ሁኔታዎች አንዱ በራስ ፈቃድና በተፈለገው ሰዓት ከቦታ ወደ ቦታ የመንቀሳቀስ ዕድል እንደሆነ ይታወቃል። የትምህርት ቤት በር ቢከፈት፣ የሥራ መደብ ቢመቻች፣ የሕክምና አገልግሎት ቢስፋፋ ወደዚያ መድረስ ያልቻለ ዜጋ ከአገልግሎቱ ተጠቃሚ ሊሆን አይችልም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 20 አባል አገሮች አካል ጉዳተኞች በመረጡት መንገድና ጊዜ፣ ሊከፍሉት በሚችሉት ዋጋ እንዲንቀሳቀሱ እርምጃ እንዲወስዱ የሚያስገድደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስምምነቱን ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቀዋል።

ይሁንና "ሊከፍሉት በሚችሉት ዋጋ" የሚለው ሐረግ ወደ ተግባር ሲቀየር አንድ ከባድ ጥያቄ ይከተላል። አካል ጉዳተኛው አሽከርካሪ የሚጠቀምበት መኪና የራሱ ንብረት ሊሆን ይገባል ወይስ በረጅም ጊዜ ኪራይ የሚያዝ? ጥያቄው የቤተሰብን ኪስ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትን የድጎማ፣ የግብርና የማኅበራዊ ዋስትና ፖሊሲም የሚነካ ነው። በዚህ ረገድ ረጅም ዕድሜ ካስቆጠሩት ተሞክሮዎች አንዱ የብሪታንያ በመሆኑ ጠንካራና ደካማ ጎኑን መመርመሩ ጠቃሚ ነው።

ከባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ወደ ቤተሰብ መኪና

በብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1948 ከተቋቋመ በኋላ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች ሲያቀርብ የነበረው ባለሦስት እግርና አንድ መቀመጫ ብቻ ያለው ትንሽ ተሽከርካሪ ነበር። ንብረትነቱ የመንግሥት ሲሆን ተጠቃሚው በውሰት ይይዘዋል። ተሽከርካሪው ብዙዎችን ከቤት ያወጣ ቢሆንም የትዳር ጓደኛን ወይም ልጅን አሳፍሮ ለመጓዝ አያስችልም፤ መንዳት ለማይችል አካል ጉዳተኛም አንዳች ጥቅም አልነበረውም። በደህንነቱ ላይም ተደጋጋሚ ትችት ይሰነዘርበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1974 አልፍ ሞሪስ የመጀመሪያው የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። እ.ኤ.አ. በ1976 መንግሥት ተሽከርካሪ ከማደል ይልቅ የመንቀሳቀሻ አበል በገንዘብ መክፈል ጀመረ። አበሉ ግን በየጊዜው የሚከፈል አነስተኛ ገንዘብ በመሆኑ የመኪና ሙሉ ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችለው ተጠቃሚ ችግሩን ብቻውን የሚፈታ አልነበረም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ሎርድ ጉድማንና ጄፍሪ ስተርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1977 ሞታቢሊቲ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረቱ። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በቀጣዩ ዓመት ለተጠቃሚዎች የተሰጡ ሲሆን፣ ቀሪዎቹ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ሙሉ በሙሉ ከመንገድ ወጥተዋል።

የኪራዩ አሠራር

በአሠራሩ መሠረት ከፍተኛውን የመንቀሳቀሻ አበል የሚያገኝ አካል ጉዳተኛ አበሉ በቀጥታ ለአከራዩ ድርጅት እንዲከፈል ይፈቅዳል። በምትኩ አዲስ መኪና በአብዛኛው ለሦስት ዓመት፣ ተሽከርካሪ ወንበርን ከነተጠቃሚው የሚያሳፍር መኪና ከሆነ ደግሞ ለአምስት ዓመት ይረከባል። ኢንሹራንስ፣ ሰርቪስና ጥገና፣ የጎማ ቅያሪ እንዲሁም መንገድ ላይ ለሚያጋጥም ብልሽት የሚሰጥ እርዳታ በኪራዩ ውስጥ የተካተቱ ናቸው። ዋጋቸው ከፍ ያለ መኪኖችን የሚመርጥ ተጠቃሚ የማይመለስ ቅድሚያ ክፍያ ይጨምራል። ፍሬንና ነዳጅ መስጫን በእጅ ለመቆጣጠር የሚያስችሉትን የመሳሰሉ በርካታ መገጣጠሚያዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገጠማሉ።

የአከራዩ ኩባንያ ባለአክሲዮኖች ትልልቅ ባንኮች ቢሆኑም የትርፍ ድርሻ አይወስዱም። ተጠቃሚዎቹ ከ800 ሺህ በላይ በመድረሳቸው በአገሪቱ ከሚሸጡት አምስት አዳዲስ መኪኖች አንዱን ያህል የሚገዛው ይኸው ኩባንያ ነው። በጅምላ መግዛቱና ኢንሹራንስ በጋራ መግባቱ አንድ ግለሰብ ብቻውን ሊያገኘው የማይችለውን ቅናሽ ያስገኝለታል። በመሆኑም የኪራይ ሥርዓቱ ዋነኛ ጥንካሬ የብዙዎችን አቅም አንድ ላይ ማሰባሰቡ ነው ማለት ይቻላል።

ስሌቱ ምን ያሳያል?

እ.ኤ.አ. በ2025/26 የበጀት ዓመት ከፍተኛው የመንቀሳቀሻ አበል በሳምንት 77.05 ፓውንድ ነበር። መጠኑ ባለበት ቢጸና በሦስት ዓመት ውስጥ 12,020 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። የተከራዩ እውነተኛ ወጪ ይህ ገንዘብ ነው። አበሉ እጁ ሳይገባ በቀጥታ ስለሚተላለፍ መኪናውን "በነፃ እንዳገኘ" የሚቆጥር ቢኖርም ስሌቱ ይህን አይደግፍም።

ለንጽጽር እንዲረዳ አንድ አካል ጉዳተኛ አበሉን በእጁ እየተቀበለ በ18,000 ፓውንድ አዲስ መኪና ገዛ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም በ10,000 ሸጠው እንበል። የዋጋ ቅናሹ 8,000 ፓውንድ በመሆኑ ከአበሉ የሚተርፈው 4,020፣ ማለትም በዓመት 1,340 ፓውንድ ነው። የኢንሹራንስ፣ የሰርቪስ፣ የጎማና የብድር ወለድ ወጪዎች በድምር ከዚህ ከበለጡ ኪራዩ ያዋጣል። በተለይ ወጣት አሽከርካሪዎችና ኢንሹራንስ ውድ በሆነባቸው ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች ከዚህ መጠን በላይ የመክፈል ዕድላቸው ሰፊ ነው።

በአንጻሩ ያገለገለ መኪና በ8,000 ፓውንድ ገዝቶ ስድስት ዓመት ተጠቅሞ በ2,000 የሚሸጥ ሰው የሚያጣው ዋጋ 6,000 ፓውንድ ብቻ ነው። የስድስት ዓመቱ አበል 24,040 ፓውንድ ገደማ ስለሚሆን ለኢንሹራንስና ለጥገና በዓመት 3,000 ፓውንድ ያህል ይተርፈዋል። ከዚህም በተጨማሪ ከፍተኛውን አበል የሚያገኝ ሰው የግል መኪናውም ቢሆን ከዓመታዊ የተሽከርካሪ ግብር ነፃ ነው። ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ በቋሚነትና በጉልህ የተለወጠ መኪና ሲገዛም 20 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ አይጠየቅም። የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ የሆነው ሰማያዊ ባጅም የሚሰጠው ለሰውየው እንጂ ለመኪናው አይደለም። ስለሆነም እነዚህ መብቶች የሚገኙት በኪራይ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም።

ዋናው ጉዳይ፦ አደጋውን ማን ይሸከማል?

የሁለቱ አማራጮች ልዩነት በወጪ ስሌት ብቻ አይጠናቀቅም። ተከራይ የመኪናውን ብልሽትና የዋጋ መውደቅ ስጋት ለአከራዩ ያስተላልፋል። ካምቢዮው ቢበላሽ ወይም የገበያ ዋጋው ቢወርድ ጉዳቱ የእሱ አይደለም። ለብዙ አካል ጉዳተኞች መኪና ለአንድ ሳምንት መቆም ማለት ከሥራ ወይም ከሕክምና ቀጠሮ መቅረት በመሆኑ ይህ ዋስትና በገንዘብ ብቻ የሚተመን አይደለም።

ሆኖም ተከራዩ አንድ ሌላ ስጋት ተሸክሞ ይቀራል፤ እሱም የአበሉ መቋረጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለሥራ ዕድሜ የደረሱ ሰዎች የቀድሞው አበል በአዲስ ሲተካ ለከፍተኛው ክፍያ እንደ መለኪያ ይወሰድ የነበረው የእግር ጉዞ ርቀት ከ50 ሜትር ወደ 20 ሜትር ዝቅ ብሏል። በዚህም ሳቢያ በድጋሚ ምዘናው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መኪናቸውን እንዲመልሱ ተገድደዋል። በአበሉ ላይ ለይግባኝ ሰሚ አካል ከቀረቡት አቤቱታዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለአመልካቾች የተፈረዱ ቢሆንም ውሳኔው እስኪሰጥ ወራት ያልፋሉ። በእነዚህ ወራት የግል መኪና ያለው ሰው አበሉን እንጂ መኪናውን አያጣም። ተከራዩ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያጣል። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" የሚለው የአበው አነጋገር በዚህ ቦታ ተጨባጭ ትርጉም ያገኛል።

ሌላው ሊታይ የሚገባው ነጥብ በመኪናው ላይ የሚደረገው ማስተካከያ ነው። ለአንድ ሰው አካላዊ ሁኔታ ተብሎ የተሠራ ውስብስብ መቆጣጠሪያ በሦስት ዓመት አንዴ ፈርሶ በአዲስ መኪና ላይ ሲገጠም አሽከርካሪው እንደገና መለማመድ ይኖርበታል። የጉዳቱ ሁኔታ ለማይለወጥና ውስብስብ ማስተካከያ ለሚያስፈልገው ሰው አንድን መኪና ለረጅም ዓመታት መያዝ ይመረጣል። ጉዳቱ እየተባባሰ ለሚሄድ ሰው ግን መኪናውን ከሁኔታው ጋር ለመለወጥ የሚያስችለው ኪራይ የተሻለ ነው።

ቁጥጥርና ክርክር

ሥርዓቱ ከትችት ነፃ አይደለም። የብሪታንያ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት አከራዩ ኩባንያ ከ2 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ መጠባበቂያ ማከማቸቱንና ለሥራ አመራሩ ከፍተኛ ክፍያ መፈጸሙን ተችቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በሥርዓቱ የሚቀርቡ ውድ መኪኖች የፖለቲካ ክርክር አስነስተዋል። ኩባንያው ውድ የሚባሉ የመኪና ስሞችን ከዝርዝሩ ያስወጣ ሲሆን፣ መንግሥት በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ባቀረበው በጀት በቅድሚያ ክፍያ ላይ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ እፎይታና የኢንሹራንስ ግብር ነፃነት ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለማንሳት ወስኗል። ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች የተዘጋጁ መኪኖች በእርምጃው አልተካተቱም።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮችን መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ አንድ አቅራቢ ብቻ ያለበት የድጎማ ሥርዓት የማያቋርጥ የኦዲት ክትትል የሚሻ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የግብር እፎይታ ሲቀነስ የኪራዩ ብልጫ ስለሚጠብ ስሌቱን በየጊዜው ማደስ እንደሚያስፈልግ ነው።

ለአገራችን ያለው ፋይዳ

በኢትዮጵያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አሠሪዎች ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲፈጥሩ ግዴታ ይጥላል። ተሽከርካሪን በሚመለከት በአገራችን የሚታወቀው ድጋፍ አካል ጉዳተኞች መኪና ከቀረጥ ነፃ እንዲያስገቡ መፍቀድ ሲሆን፣ ይህም በግል ይዞታ ላይ የተመሠረተ ነው። ቀረጥ መነሳቱ ዋጋውን የሚያቃልል ቢሆንም የመኪናውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ማቅረብ ለማይችለው ዜጋ በሩን አይከፍትለትም። በብሪታንያ ኪራይ የተፈጠረው በትክክል ይህን ችግር ለመፍታት ነበር።

ይህ ማለት ግን የብሪታንያ ሥርዓት እንዳለ ይቀዳ ማለት አይደለም። የኪራዩ ምሰሶ በየጊዜው ሳይቋረጥ የሚከፈለው አበል በመሆኑ አበል በሌለበት ኪራይ ብቻውን ሊቆም አይችልም። ከተሞክሮው ሊወሰድ የሚገባው ድጋፉ አንድ መንገድ ብቻ እንዳይኖረው ማድረግ፣ ግዢን በጋራ በማሰባሰብ ዋጋ መቀነስ፣ እንዲሁም የመመዘኛ መስፈርት ሲለወጥ መኪናው ከመወሰዱ በፊት የአቤቱታ ጊዜ መስጠት ነው። የመንቀሳቀስ መብት አስተማማኝ የሚሆነው መኪናው በማን ስም ተመዝግቧል በሚለው ብቻ አይደለም፤ ነገም በሩ ላይ እንደሚቆም ተጠቃሚው እርግጠኛ መሆን ሲችል ነው። ፖሊሲ አውጪዎችም ሆኑ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች ማንኛውንም አማራጭ በዚህ መለኪያ ሊመዝኑት ይገባል።