«ፈጀ» እንዴት «ፊኒሽ» ሆነ?

የተማሪ ደብተር ስናርም ደጋግመን የምናገኘው ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ዘ ሮድ ፍሮም ጎንደር ቱ መተማ ፊኒሽድ ፋይቭ አወርስ።» ቀይ እስክርቢቶ ይሰመርበታል፣ የኤክስ ምልክት ይደረግበታል፣ በቃ! ልጁ ግን በዘፈቀደ አልጻፈውም። በአማርኛ «መንገዱ አምስት ሰዓት ፈጀ» እንላለን፤ ፈጀ ደግሞ ጨረሰ ማለት ስለሆነ እንዳለ ገለበጠው። የሚፈለገው ግሥ ቴክ ነው፤ ኃላፊ ጊዜው ቱክ። እኛም እኮ «ጊዜ ይወስዳል» እንላለን! መምህሩ ይህችን ቢያስታውሰው ልጁ ራሱ ባገኘው ነበር።

«ክረምቱን ገንዳ ውሃ አሳለፍኩ» ሲል ደግሞ ፓስ ይላል። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ባይባልም የተለመደው ስፔንድ ነው፤ ሰው ጊዜውን እንደ ገንዘብ ያወጣዋል። ስብሰባው ራሱ ሁለት ሰዓት ሲቆይ ላስት እንጂ ስቴይ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። አማርኛ ጊዜውን ግሡ ውስጥ ከቶታል፤ ዋለ፣ አመሸ፣ አደረ፣ ሰነበተ፣ ከረመ። ለሰሊጥ አረም ወደ ቆላ የወረደ ሰው «መተማ ከረምኩ» ሲል ወራቱንም ጭምር ነገረን። በተለመደው እንግሊዝኛ ስፔንድ ተብሎ ክረምቱ ለብቻው በስም ይጨመራል። ይህን ያልተነገረው ተማሪ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ ይውላል።

አፄ ዮሐንስ 4ኛን እንውሰድ። «በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሞተዋል» ደህና አማርኛ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ዓመቱ ከተጠቀሰ ሃዝ ዳይድ አይባልም፤ ዳይድ ብቻ ነው፤ ዓመቱም 1889 ተብሎ ይጻፋል።

የሰዓቱ ነገርማ አይነሳ። የመተማ ልጅ «ክላስ ስታርትስ አት ቱ» ብሎ ከገላባት ለመጣ ሰው ቢነግረው፣ ሰውየው የሚረዳው ከቀትር በኋላ ሁለት ብሎ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለመለሰች፣ የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት እነሱ ዘንድ ሰባት ነው።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት፣ «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ትንፍሽ አይባልም» የሚለው ደንብ ቢያንስ ለዚህ ትምህርት ይነሳ ነው። አንዳንድ መምህራኖቻችን «ተማሪው በአማርኛ እያሰበ ይቀራል» ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። ነገር ግን ልጁ ዛሬም የሚያስበው በአማርኛ ነው፤ ስለከለከልነው እኛ አናየውም እንጂ። አፉን በጉሙዝኛ ለፈታ ልጅ ደግሞ አማርኛውም ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ፣ በራሱ ቋንቋ እንዴት እንደሚል መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ እጩ መምህራን እስቲ አንድ ክፍለ ጊዜ ሞክሩት። ዋለ፣ አደረ፣ ከረመን በሰሌዳው ግራ ጻፉና ቀኙን ለተማሪዎቹ ተዉላቸው፤ ያገኛችሁትንም እዚሁ ጋዜጣ ላይ ለጥፉልን።